አሮጌው ላፕቶፔ በአዲስ ኤስኤስዲ፦ ከዘጠኝ ወር በኋላ

ላፕቶፑ 11 ዓመት ሆኖታል። አዲሱ ኤስኤስዲ እንደ ሃርድ ዲስክ የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ፈጣን የፋይል ማከማቻ ነው። ባለፈው ክረምት 500 ጊጋባይት ከሚይዘው ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ መውጣት ጀመረ፤ በሦስት ደቂቃ ይከፈት የነበረውም ስምንት ደቂቃ ይፈጅ ገባ። በውስጡ የ20 ዓመት የአማርኛ ማስተማሪያ ማስታወሻዎቼና የፈተና ጥያቄዎቼ አሉ። ሌላ ቅጂ አልነበረኝም።

የወሰድኩበት ጥገና ቤት ፎርማት ተደርጎ፣ ማለትም ያለው ሁሉ ተጠርጎ፣ ይስተካከላል አለኝ። ይዤው ተመለስኩ፤ በዚያ ውሳኔዬ ዛሬም ደስ ይለኛል። ሊሞት በተቃረበ ዲስክ ላይ ፎርማት ማድረግም ሆነ የዊንዶውስን የዲስክ ማስተካከያ ማዘዝ በዲስኩ ላይ ይጽፋል፤ የቀረውን ጥቂት ዕድሜም ይጨርሰዋል። መጀመሪያ መቅዳት ነው፤ ጥገናው ይደርሳል።

ዲስኩን ፈትቼ በዩኤስቢ ገመድ ከእኅቴ ዴስክቶፕ ጋር አገናኘሁት። ኡቡንቱ የተባለውን በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራ ነፃ ሥርዓት ከፍላሽ አስነሥቼ ዲዲሬስኪው በተባለው ነፃ ፕሮግራም ዲስኩን በሙሉ ወደ 1 ቴራባይት ውጫዊ ዲስክ ገለበጥኩት። ይህ ፕሮግራም በመጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ይሰበስባል፤ የተጎዳውን እየዘለለ ያልፍና መጨረሻ ላይ ተመልሶ ይታገለዋል። የደረሰበትንም በካርታ ፋይል ይመዘግባል። ካርታውን በውጫዊው ዲስክ ላይ ማስቀመጤ እጅግ ጠቀመኝ። በሁለተኛው ቀን መብራት ጠፋ፤ ሲመለስ ሥራው ካቆመበት ቀጠለ። ከፍላሽ በተነሣው ሥርዓት ጊዜያዊ ማህደር ውስጥ ትቼው ቢሆን ኖሮ ከመብራቱ ጋር አብሮ ይጠፋ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሳይነበብ የቀረው 38 ሜጋባይት ብቻ ነበር።

ያን ጊዜ ሌላ ድንጋጤ መጣ። የ1990ዎቹን ማስታወሻ ስከፍት ገጹ በላቲን ፊደልና በምልክት ዝብርቅርቅ ተሞልቶ አገኘሁት። ግማሽ ቀን አዘንኩ። ፋይሎቹ ግን ደኅና ነበሩ። ያኔ የምጽፈው በቪዥዋል ግዕዝ ነበር፤ ዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው የጋራ ደረጃ) ከመለመዱ በፊት የነበሩት እንዲህ ያሉ ፎንቶች የላቲኑን ፊደል ቦታ ተውሰው ስለሚሠሩ፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር አማርኛው አይነበብም። ፎንቱን ስጭን የሰምና ወርቅ ትምህርቴ ከነምሳሌዎቹ ተመለሰ። ከድሮ ዲስክ ፋይል ያወጣችሁ ሰዎች፣ ተበላሽቷል ብላችሁ ከመሰረዛችሁ በፊት እባካችሁ ይህን ሞክሩ።

የገዛሁት ኤስኤስዲ 480 ጊጋባይት የሚይዝ፣ ባለ 2.5 ኢንች ሳታ (እንደ አሮጌው ዲስክ ባለ መሰኪያ የሚገባ) ነው። ውፍረቱ 7 ሚሊሜትር ነው፤ የአሮጌው 9.5 ስለነበረ አብሮት የመጣውን የፕላስቲክ ክፈፍ ለጥፌበት በልኩ ገባ። 480 ከ500 ስለሚያንስ ግልባጩን እንዳለ መመለስ አልተቻለም። እንደ ኡቡንቱ ያለ ነፃ ሥርዓት የሆነውን ሊኑክስ ሚንትን እንደ አዲስ ጭኜ ፋይሎቹን አሻገርኩ። አሁን ብገዛ ከአሮጌው የማያንስ እመርጣለሁ።

ዘጠኝ ወር በየቀኑ ሠርቼበታለሁ። በ25 ሰከንድ ይከፈታል፤ ትልልቅ ሰነዶች ስከፍት አይንቀረፈፍም፤ አንድም ፋይል አልጠፋብኝም። ባትሪው ግን 40 ደቂቃ እንኳ አይቆይም፤ የክዳኑ ማጠፊያም እንደላላ ነው። ኤስኤስዲ እነዚህን አያድስም።

አንድ ነገር ያሳስበኛል። አሮጌው ዲስክ ድምፅ አሰምቶ አስጠነቀቀኝ፤ ኤስኤስዲ ግን ብዙ ጊዜ ያለ ምንም ምልክት ድንገት ይቆማል። በስህተት የተሰረዘ ፋይልም ትሪም በሚባለው አሠራር ቶሎ ስለሚጸዳ መልሶ ማግኘቱ ይከብዳል። ስለዚህ ቅዳሜ ማታ ውጫዊውን ዲስክ ሰክቼ አዲሱን ሁሉ እቀዳለሁ፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ሁለተኛው ቅጂ እኅቴ ቤት ተቀምጧል።