ፕሮም-ክላይንትን በኖድ ክላስተር ላይ 8 ወር ከተጠቀምኩበት በኋላ

የአውቶቡስ ቲኬት የምንሸጥበትን ሲስተም ወደ ኖድ ጄኤስ ክላስተር (አንዱን ፕሮግራም በብዙ ፕሮሰስ የሚያስኬድ ዘዴ) ያዞርነው ባለፈው ግንቦት ነው። ማሽኑ ባለ 4 ኮር ስለሆነ 4 ወርከር (ሥራውን የሚካፈሉ ፕሮሰሶች) አስነሳንበት። ሜትሪክ (የሲስተሙን ሁኔታ የሚያሳይ ቁጥር) ለማውጣት ፕሮም-ክላይንት የሚባለውን የኖድ ላይብረሪ መረጥኩ፤ ቁጥር ሰብሳቢው ፕሮሜቲየስ በየ15 ሰከንዱ መጥቶ ቁጥሩን ይወስዳል፣ እኛ በግራፋና በግራፍ እናየዋለን። አሁን ጥር ነው። የገናንም የጥምቀትንም የቲኬት ግፊያ አብሮን ስላለፈ፣ ሊገባበት ላሰበ ሰው የምነግረው ነገር አለኝ።

መጫኑ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ስለሱ ብዙ አልልም። የሚያስቸግረው ክላስተሩ ነው። እያንዳንዱ ወርከር የራሱ ሚሞሪ ያለው ፕሮሰስ ሲሆን፣ 4ቱም አንድ ፖርት ይጋራሉ። ፕሮሜቲየስ ሲመጣ ተራ የደረሰው ወርከር ይቀበለዋል፤ የሚነግረውም የራሱን ቁጥር ብቻ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የሪኩዌስት ካውንተሬ (የገቡ ጥያቄዎችን የሚቆጥረው) 41,200 ካለ በኋላ 9,800፣ ከዚያ ተመልሶ 40,950 ይለኝ ነበር። ዘጠኝ ሺው ዘግይቶ የተነሳው ወርከር ነው። ካውንተር ወደ ታች ስለማይሄድ፣ ፕሮሜቲየስ ቁጥር ሲቀንስ ካየ ፕሮሰሱ ሪስታርት እንዳደረገ ይቆጥራል። ግራፌ መጋዝ መሰለ።

ላይብረሪው ለዚህ አግሪጌተር ሬጂስትሪ የሚባል መፍትሔ አለው። ዋናው ፕሮሰስ ወርከሮቹን ይጠይቃል፣ የየራሳቸውን ይልኩለታል፣ ደምሮ አንድ ገጽ ያወጣል። ከውጭ በማይደረስበት 3001 ፖርት ላይ ከፈትኩት፤ ግራፉ ረጋ። ለሦስት ወር ያህል ከዚህ የተሻለ አልፈለግኩም።

ነሐሴ ላይ አንድ ሌሊት ማንቂያው ቀሰቀሰኝ፦ በሰከንድ 2,500 ሪኩዌስት! በዚያ ሰዓት ከ5 በላይ ገብቶ አያውቅም። ጥቃት መስሎኝ እየተንቀጠቀጥኩ ሎጉን ስከፍት ጭር ብሏል። የሆነው ይሄ ነው። 4ቱ ወርከሮች እያንዳንዳቸው 250,000 ገደማ ቆጥረው ድምሩ 1 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። አንዱ ሚሞሪ ሞልቶበት ሞተ፤ ቆጠራው አብሮት ጠፋ፤ ድምሩ 750,000 ሆነ። ፕሮሜቲየስ ደግሞ ካውንተሩ ከዜሮ ተነስቶ 750,000 የደረሰ መስሎት፣ ያንን ሁሉ እንደ አዲስ ሪኩዌስት ቆጠረው። ለ5 ደቂቃ፣ ማለትም ለ300 ሰከንድ፣ ሲካፈል 2,500 ይመጣል። ከተደመረ በኋላ ማን እንደሞተ የሚታይበት መንገድ የለም።

ሁለተኛው ችግር ለእኔ ከዚህ ይብሳል። አንድ ወርከር ከባድ ሥራ ይዞ ኢቨንት ሉፑ፣ ሥራዎቹን በየተራ የሚያስተናግድበት ዑደት፣ ከታገደ (የእኛው የተሳፋሪ ዝርዝር በፒዲኤፍ ሲያዘጋጅ ነበር) ለዋናው ፕሮሰስ አይመልስም። ዋናው 5 ሰከንድ ጠብቆ ስህተት ይመልሳል፤ የሦስቱ ጤነኞች ቁጥርም አብሮ ይቀራል። ሰርቨሩ ሲታመም፣ ቁጥሩን አጥብቀን በምንፈልግበት ሰዓት፣ ግራፉ ላይ የሚታየው ክፍተት ብቻ ነው። አማካይም አያድንም፦ አንዱ 2 ሰከንድ ሲዘገይ ሌሎቹ 10 ሚሊሰከንድ ላይ ከሆኑ አማካዩ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ይላል፤ እዚያ ወርከር ላይ የወደቀው ደንበኛ ግን 2 ሰከንዱን ሙሉ ይጠብቃል።

መስከረም ላይ አግሪጌተሩን ተውኩት፤ ፕሮም-ክላይንትን ግን አልተውኩም። አሁን እያንዳንዱ ወርከር ሜትሪኩን በራሱ ፖርት ያወጣል፣ ከ9201 እስከ 9204። አንዱ ቢታገድ የሚጠፋው የእሱ ብቻ ነው። ድምሩን ፕሮሜቲየስን በምንጠይቅበት ኩዌሪ ላይ እንሠራዋለን፦ መጀመሪያ ሬት (rate፣ የእያንዳንዱ ወርከር በሰከንድ ስንት)፣ ከዚያ ሰም (sum፣ ድምር)። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ የነሐሴው ሌሊት ይመለሳል። አንድ ቀን ሙሉ ያባከነብኝ ነገር ደግሞ አለ፦ ፖርቱን የሰጠሁት በወርከሩ መለያ ቁጥር ነበር። ክላስተር የሞተውን ቁጥር ለአዲሱ አይሰጥም፤ መቁጠሩን ይቀጥላል። 2ኛው ሲሞት 5ኛው ተወልዶ 9205 ላይ ተቀመጠ፤ ፕሮሜቲየስ 9202 ላይ ሲጠብቅ ዋለ። አሁን ወርከሩ ሲነሳ የቦታውን ቁጥር በኢንቫይሮመንት ቫሪያብል (ፕሮሰሱ ሲነሳ በሚሰጠው መረጃ) እሰጠዋለሁ፤ የሚተካው የሟቹን ቦታ ይወርሳል።

ሌብል (ቁጥሩን የምንለይበት መለያ) ላይ ቆጠብ በሉ። ሪኩዌስቱ የፈጀውን ጊዜ በመደብ በመደብ የሚቆጥረው ሂስቶግራም ካልነካችሁት ባለ 11 ባኬት (መደብ) ነው፤ አድራሻውን ከነቲኬት ቁጥሩ ሌብል ካደረጋችሁት ለእያንዳንዱ ቲኬት 14 መስመር (11ዱ ባኬት፣ ወሰን የሌለው ባኬት፣ ድምርና ብዛት) ይወልዳል። ሰዓቱንም ልመዱት፦ ፕሮሜቲየስ የሚሠራው በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ ሰዓት) ነው፤ 00:10 ሲል የእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ10 ነው። ከተረኛው ጋር በስልክ ስናወራ ሁለት ጊዜ የተለያየ ግራፍ እያየን ተከራክረናል።

ሌላው ቡድናችን በፓይተን፣ በጉኒኮርን (የፓይተን ዌብ ሰርቨር) ላይ ነው የሚሠራው። የፓይተኑ ላይብረሪ ቆጠራውን ፋይል ላይ ስለሚጽፍ የሞተ ወርከር ቁጥር አይጠፋም፤ በምትኩ በየሪስታርቱ ፎልደሩን ማጽዳት የእናንተ ሥራ ነው። ወርከሮቻችሁ እምብዛም የማይሞቱ ከሆነ አግሪጌተሩ ይበቃችኋል። እኔ አልመለስበትም።

የጥምቀት ዋዜማ ማታ 1 ሰዓት ላይ፣ ግፊያው በጠናበት፣ 3ኛው ወርከር ወደቀ። የ9203 መስመር ብቻውን ተቆረጠ፣ በሁለት ዙር ተመለሰ። ሦስቱ መስመሮች እየሸጡ ነበር።