የክሉንግኩንግ ቤተ መንግሥት ክሪስ ተብሎ ስለተሸጠልኝ ጩቤ

ይህን የምጽፈው ከመደብሩ ከተመለስኩ ሦስት ሰዓት ሳይሞላኝ ነው፤ ንዴቱም ገና አልበረደልኝም። በሆላንድ በዴን ሃግና በአካባቢው የምትኖሩ፣ ክሪስ የሚባለውን እንደ እባብ የሚጠማዘዝ የኢንዶኔዢያ ጥንታዊ ጩቤ ለመግዛት የምታስቡ ወገኖቼ በእኔ የደረሰው እንዳይደርስባችሁ እለምናለሁ።

የሻጩን ዓይነት ታውቁታላችሁ። ቡና ያቀርባል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል፣ ዕቃውን ከመስኮት ሳይሆን ከጓዳ በጨርቅ ጠቅልሎ ያመጣል፣ «ለሌላ ሰው አላሳየሁትም» ይላል። እኔም ክሪሱን የፈለግሁት በጃቫ ደሴት በሶሎ ከተማ ለተወለዱት ለባለቤቴ አባት የሰባ ዓመት ልደት ስጦታ እንዲሆን ነበር። ሻጩ በእ.ኤ.አ. 1908 የደች (የሆላንድ) ጦር በባሊ ደሴት የሚገኘውን የክሉንግኩንግ ቤተ መንግሥት በያዘ ጊዜ አንድ መኮንን ይዞት የመጣ ነው አለኝ። በ2023 ሆላንድ 478 ቅርሶችን ለኢንዶኔዢያ ስትመልስ የክሉንግኩንግ ክሪስ እንደነበረበት በዜና ሰምቼ ስለነበር «የዚያው ወንድም ነው» ሲለኝ አመንኩት። እውነት ቢሆን እንኳ የተዘረፈ ዕቃ እየገዛሁ እንደሆነ ለአፍታ አለማሰቤ እስከ አሁን ያሳፍረኛል።

ደጋግሜ የማስበው የከፈልኩባትን ቅጽበት ነው። እኔ ስለቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዤ ሳገላብጥ፣ እሱ ከጠረጴዛው ማዶ አንገቱን ደፍቶ ደረሰኙን ይጽፍ ነበር። እጀታውን ላዞረው ስሞክር ብዕሩን ሳያነሣ «እጀታውን አይንኩት፤ ለባሊ ሰዎች ነውር ነው» አለኝ። እጄን ሰበሰብኩ። 850 ዩሮ ከፈልኩ፤ ደረሰኙንም አጥፎ በፖስታ ውስጥ ጨመረልኝ። ሳላነበው ወደ ኪሴ ከተትኩት። አሥራ አንድ ዓመት በዚህ አገር ኖሬ፣ ቋንቋውን አንብቤ የሚገባኝ ሰው፣ አንዲት መስመር ማንበብ አቃተኝ።

ትናንት ማታ አማቴ ክሪሱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው እንደ አገራቸው ደንብ ወደ ግንባራቸው ካስጠጉ በኋላ ከሰገባው መዘዙት፤ ፊታቸውም ቀስ እያለ ተለወጠ። ጥምዞቹን በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩ፤ አሥራ ሁለት ሆኑ። የክሪስ ጥምዝ ሁልጊዜ ጎዶሎ ቁጥር ነው፤ ሰባት፣ ዘጠኝ፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሦስት እያለ ይሄዳል። ከዚያ እጀታውን ያዝ አድርገው ጠመዘዙት፤ ቀጭ ብሎ ወጣ። በእጀታው ውስጥ የሚገባው ቀጭኑ የብረቱ ጭራ በባሊም ሆነ በጃቫ በጨርቅ ወይም በክር ተጠቅልሎ ነው የሚጠብቀው፤ በእኛው ላይ ግን ያየነው ጨርቅም ክርም ሳይሆን እንደ ብርጭቆ የሚያበራ የፋብሪካ ማጣበቂያ ነበር። «እጀታው የባሊን መልክ ይዟል፤ ሰገባው የእኛ የሶሎ ነው፤ ስለቱ ግን የትናንት ነው» አሉ።

የተለያየ ደሴት ዕቃ በአንድ ክሪስ ላይ መገኘቱ ብቻውን ማጭበርበር አይደለም፤ ስለቱ ከባለቤት ወደ ባለቤት ሲተላለፍ እጀታውም ሰገባውም ይቀየራል። ለዚህም ነው አመጣጡን የሚያውቁ ሰዎች ልብሱን፣ ማለትም እጀታውንና ሰገባውን፣ ትተው ስለቱን የሚመረምሩት። የባሊ ስለት ብዙውን ጊዜ ከጃቫው ይረዝማል፣ ይከብዳል፣ ገጹም ተወልውሎ ለስላሳ ነው፤ የጃቫው በአርሴኒክና በሎሚ ጭማቂ ስለሚታጠብ ብረቱ ይጠቁርና ኒኬል ያለበት ንድፍ ነጣ ብሎ ይወጣል። የእኔው አጭርና ቀላል ሲሆን አሲድ ቦርቡሮታል፤ ንድፉም ተደራርቦ ከተቀጠቀጠ ብረት የወጣ ሳይሆን ከላይ ብቻ የተጫረ ነው። በማዱራ ደሴት በሱመነፕ ዛሬም ክሪስ በክብር የሚቀጠቅጡ አንጥረኞች አሉ፤ አዲሱን አዲስ ብለው የሚሸጡትን አልወቅስም። ከደች ጋር የተዋጋው የጃቫው ልዑል ዲፖነጎሮ ክሪስ በሆላንድ በላይደን ከተማ ሙዚየም ውስጥ ተለይቶ በ2020 ለኢንዶኔዢያ እስኪመለስ ድረስ ምሁራን ሰነድ ከሰነድ ሲያመሳክሩ ዓመታት ፈጅቶባቸዋል፤ ይህ ሰው ግን ቡናው ሳይበርድ ንጉሥና ቤተ መንግሥት ሰጠኝ።

ዛሬ ጠዋት ወስጄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። አልተቆጣም፣ አልካደምም። ደረሰኙን እንዳወጣ ጠየቀኝና ጣቱን መስመሩ ላይ አሳረፈ፤ «ለጌጥ የሚሆን ጩቤ፣ እስያ» ይላል። ባሊ የለም፤ 1908 የለም። እኔ ስለቱን ሳደንቅ እሱ ይህን እየጻፈ ነበር። ክሉንግኩንግ ብለህኛል ስለው «ሰዎች መስማት የሚፈልጉትን ነው የሚሰሙት» ብሎ ከኋላዬ ወደገባው ደንበኛ ዞረ፤ ሳህን የምትጠቀልለው ረዳቱም ቀና ብላ አላየችኝም።

ክሪስ የምትገዙ ከሆነ ደሴቱንና ዘመኑን ደረሰኙ ላይ አስጽፉ፤ ከመክፈላችሁም በፊት ቆማችሁ አንብቡት። እጀታውን እንዲነቅልላችሁ ጠይቁ፤ ነውር ነው ካላችሁ ጥላችሁ ውጡ።