የማህበራትን የመሬት ጉዳይ መስመር ለሚያስይዙት ኢንጂነር ምስጋናና ጥቆማ

መዋዕለ ሕፃናት፣ ክሊኒክ ወይም የአረጋውያን መጦሪያ ለመሥራት ቦታ የምትጠይቁ የበጎ አድራጎት ማህበራት፣ ይህ ጥቆማ ለእናንተ ነው። ኢንጂነሯ ቀያሽ ናቸው፤ የፕላንና የሊዝ ሥራም አብሮ ይገባቸዋል። ለደከሙልን ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን እንላለን። ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስላልወደዱ ስልካቸውን በውስጥ መስመር ለጠየቀን እንሰጣለን።

ቀድመው የሚያገላብጡት የምዝገባ ሰርተፍኬታችሁንና ማህተማችሁን ነው። በሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ዳግም ሲመዘገብ ስሙን አሻሽሎ የድሮውን ማህተም እስካሁን የሚመታ ማህበር አለ። ሰርተፍኬቱ «የልማት ድርጅት»፣ ማህተሙ «የልማት ማህበር» ካለ ፋይሉ ከመስኮት ይመለሳል። ቦታ እንዲጠየቅ ቦርዱ የወሰነበት ቃለ ጉባኤም ከፈራሚው ስም ጋር መያያዝ አለበት።

የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 አንቀጽ 12፣ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ለሚገነቡት የማህበራዊ አገልግሎት ተቋም መሬት ያለ ጨረታ በምደባ ሊፈቀድ እንደሚችል ይደነግጋል። ውሳኔው የካቢኔ ነው። ስለዚህ «እኔ አስመድባለሁ» የሚል ደላላ ከመጣ ብራችሁን ይዛችሁ ዞር በሉ። ከአርሶ አደር በመንደር ውል መግዛትማ ጭራሽ አይታሰብ፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ካርታ በማይወጣለት ቦታ ላይ ግንብ ማቆም ነው የሚሆነው።

የሚጠየቀውን ቦታ ስፋት በግምት አይጽፉም። ለምሳሌ ለመዋዕለ ሕፃናት 7 በ8 ሜትር የሆኑ 5 ክፍሎች 280 ካሬ ሜትር ናቸው፤ በዚያ ላይ ወጥ ቤቱን፣ መጸዳጃውን፣ መጫወቻ ሜዳውንና ፕላኑ ክፍት እንዲተው የሚያዝዘውን ቦታ ይደምራሉ። «10 ሺህ ካሬ ይሰጠን» ብሎ ምክንያቱን የማያሳይ ፕሮፖዛል ሥራው ከሚመለከተው የመንግሥት ቢሮ የድጋፍ ደብዳቤ ማግኘቱ ያጠራጥራል።

በእኛ እምነት ከሌላው የሚለዩት ግን በኮኦርዲኔት (የቦታን መገኛ በቁጥር በማስቀመጥ) ሥራቸው ነው። በስልክ የተወሰደ ነጥብ ደብሊው ጂ ኤስ 84 በሚባለው ዳተም (የቦታ መገኛ የሚለካበት መነሻ ሥርዓት) ይወጣል፤ የመሬት ቢሮዎች ካርታ ደግሞ በአብዛኛው አዲንዳን በሚባለው ዳተም የተሠራ ነው። አንዱ ወደ ሌላው ሳይቀየር ከተደራረቡ ቦታው ከ200 ሜትር በላይ ይሸሻል። መሬት ላይ ባዶ ሜዳ የሆነው፣ ፕላኑ ላይ መንገድ ወይም የወንዝ ዳርቻ ውስጥ ያርፍና «ከፕላን ጋር አይጣጣምም» ተብሎ ይመለሳል። ጉዳዩ ወድቆ ሲቀር ብዙ ማህበር የሚጠረጥረው ሙስናን ነው፤ አንዳንዴ ጥፋቱ የዳተም ብቻ ነው። እሳቸው በቶታል ስቴሽን (በቀያሽ መለኪያ መሣሪያ) ለክተው፣ ለአዲስ አበባ፣ ለባሕር ዳርና ለሐዋሳ በአዲንዳን ዩቲኤም (ምድርን ቁጥር በተሰጣቸው ዞኖች የሚከፍል የካርታ ሥርዓት) ዞን 37 ያስረክባሉ። ጋምቤላ ዞን 36፣ ጅግጅጋ ደግሞ 38 መሆኑን ለማያውቅ ቀያሽ ሥራ አትስጡ።

ጥያቄው ከመግባቱ በፊት ቦታው ካሳ ያልተከፈለው ባለይዞታ እንዳለውና እንደሌለው ከወረዳው ያጣራሉ። ካለበት ምደባው ቢወሰን እንኳ ርክክቡ ይቆማል፤ የሊዝ ውሉ ደግሞ የግንባታ መጀመሪያና ማጠናቀቂያ ጊዜ ስላለው ገንዘቡ በእጅ ሳይኖር መፈረምም አደጋ ነው። በርክክቡ ቀን እያንዳንዱን ችካል ከሳይት ፕላኑ ጋር ያመሳክራሉ፤ ማዕዘኖቹም ወዲያው በኮንክሪት እንዲታሰሩ ያደርጋሉ። የእንጨት ችካል አንድ ክረምት አይሻገርም፤ ጎረቤትም ይነቅለዋል።

ክፍያቸው በየሥራው ደረጃ ነው፣ ከመሬቱ ዋጋ ፐርሰንት አይጠይቁም። ስትደውሉ ሰርተፍኬቱን፣ ቃለ ጉባኤውንና የባንክ ስቴትመንቱን አዘጋጅታችሁ ይሁን፤ ያለ ወረቀት የሚመጣን ሰው መልሰው ይሸኙታል።