የድሮ ቮልስ ቀለም፦ በማስለቀቂያ ወይስ በብርጭቆ ወረቀት?

የቀለም ማስለቀቂያ ለኮፈኖና ለጣራ ፈጣን ነው፤ ቀለሙ እየተኮማተረ ሲነሣ በስፓቱላ መግፈፍ ብቻ ነው። ጓንት ግን ግድ ነው። ጣጣው በር ጠርዝና ብየዳ ስፌት ውስጥ ሲገባ ነው፦ ታጥቦ ካልወጣ አዲሱን ቀለም ከሥር ያስነሣዋል።

ብርጭቆ ወረቀት ክንድ ይበላል፤ በ80 ቁጥር (ሻካራው) ተጀምሮ በ180፣ ከዚያ በ320 (ለስላሳው) ይለሰልሳል። አሮጌው ቀለም በደንብ ከያዘ ግን ላሜራው ድረስ መውረድ አያስፈልግም። በማሽን አንድ ቦታ ላይ ከቆዩ ላሜራው ግሎ ይጣመማል።

ለጅማ ክረምት ብርጭቆ ወረቀቱ ይሻላል። የተራቆተ ላሜራ በዚህ እርጥበት ካደረ ዝገት ያወጣል፤ ማስለቀቂያ የመረጠ በዚያው ቀን ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባውን የሥር ቀለም) ይቀባ። በሁለቱም መንገድ ስቱኮው (የላሜራውን ጉድጓድ መሙያው) በደረቁ ይፈግፈግ፤ ውሃ ይመጥጣልና።