ለጉልበተኛ ዓሣ የምትሆን ሳጥን

ዱባይ የምትመላለሰው እህቴ ያመጣችልኝን የዓሣ ማላመጃ ሳጥን ሰሞኑን በደንብ ፈትሻታለሁ። የጨው ውሃ ዓሣ ያላችሁ ሰዎች፣ ግዟት። ግን ወረቀቷ ላይ በተጻፈው መንገድ ብቻ አትጠቀሙባት። ክዳኗ ደግሞ አይረባም፤ እሱን እመለስበታለሁ።

ሳጥኗ ከአንድ ስንዝር ትንሽ የምትረዝም፣ ከጥርት ያለ አክሪሊክ (መስታወት መሳይ ፕላስቲክ) የተሠራች ናት። ግድግዳዋ ላይ ቀጫጭን ክፍተቶች አሏት። አኳሪየሙ ውስጥ፣ መስታወቱ ጠርዝ ላይ ትንጠለጠላለች። ውሃው ይገባል ይወጣል፣ ዓሣው ግን አይወጣም። ወረቀቷ እንደሚለው አዲስ ዓሣ ስታመጡ መጀመሪያ እዚያ ውስጥ ታቆዩታላችሁ። ነባሮቹ ይዞሩታል፣ ሊነክሱት ይመጡና አክሪሊኩ ይመልሳቸዋል። ጥቂት ቀን ሲሞክሩ ቆይተው ይሰለቻቸዋል። ያኔ ትለቁታላችሁ።

እኔ እዚህ ጅማ፣ ሄርማታ መርካቶ አካባቢ ፎቶ ቤት አለኝ። አኳሪየሙ ያለው ደንበኛ ተራ የሚጠብቅበት ቦታ ነው። ለጌጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የሚያለቅስ ሕፃን ፎቶ አንስቶ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። ወደ ዓሣዎቹ አዞረዋለሁ፣ ዓይኑ ፍጥጥ ይላል፣ ለቅሶው ይቆማል፣ ያኔ ቶሎ አነሳዋለሁ። ትልልቆቹ ደግሞ "ይኼን ሁሉ የባህር ውሃ ከየት አመጣኸው?" ይሉኛል። ከየትም አላመጣሁትም። ለአኳሪየም ተብሎ የሚሸጥ ጨው አለ፤ ካልሲየምና ማግኒዚየም ጭምር ያለበት ነው። የጨዋማነት መለኪያው 1.025 እስኪያሳይ በንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል። የወጥ ጨው አይሆንም።

ሁለት ክላውንፊሽና አንድ ፋየርፊሽ ነበሩኝ። ልጆቹ የሚወዱት ክላውንፊሾቹን ነው፤ እኔ ግን ልቤ ያለው ፋየርፊሹ ላይ ነው። ፊቱ ነጣ ይላል፤ ከወገቡ ወዲያ ወደ ብርቱካናማ፣ ጅራቱ ጋ ሲደርስ ድብን ያለ ቀይ ይሆናል። ጀርባው ላይ አንድ ረጅምና ቀጭን ክንፍ አለው። ውሃው መሃል አንድ ቦታ ቆሞ ያቺን ክንፍ እያወዛወዘ ይውላል። ሰው የማይነካ፣ ከሰው የማይደርስ ዓይነት ፍጥረት ነው። ድንጋይ ሥር የራሱ ጉድጓድ አለው፤ ከደነገጠ እዚያ ውስጥ ጥልቅ ነው።

አራተኛ እንዲሆን ሐምራዊ ዶቲባክ ጨመርኩ። ሳጥኗ ያኔ እጄ አልገባችም ነበር። ይኼ ዓሣ የቀይ ባህር ተወላጅ ነው፤ በተፈጥሮ ሌላ ባህር ውስጥ አይገኝም። ይኼን የነገርኳቸው አንድ አባት ደንበኛዬ "እንግዲያው ጎረቤታችን ነዋ!" ብለው ሳቁ። ሻጩ "ጨዋ ነው፣ ማንንም አይነካ" ብሎኝ ነበር። እውነት ለመናገር ከሌሎቹ ዶቲባኮች ጋር ሲነጻጸር ጨዋ ነው። ግን ፋየርፊሽን የመሰለ ፈሪ አጠገብ ሲሆን ጨዋነቱ ምን ይጠቅማል?

ብዙም ሳይቆይ ፋየርፊሹ ድራሹ ጠፋ። ልጆቹ "ጋሼ፣ ቀዩ ዓሣ ሞተ እንዴ?" ማለት ጀመሩ። አልሞተም። ማታ ሱቁን ከዘጋሁ በኋላ ወንበር ስቤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። አፍንጫው ብቻ ከድንጋዩ ሥር ይታያል። ቀስ ብሎ ግማሽ አካሉን አወጣ። ዶቲባኩ ከላይ ከሆነ ቦታ ወርዶ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመ። አልነከሰውም፤ ሊነካውም አልሞከረም። ጎኑን አዞረ፣ አፉን በሰፊው ከፈተ፣ በቃ። ፋየርፊሹ ተመልሶ ገባ። ምግብ ስጨምር ክላውንፊሾቹ ከላይ ለቅመው ይጨርሱታል፤ ታች የሚደርሰውን ዶቲባኩ ይወስደዋል። ያኛው ጦሙን ያድራል። ዓሣ ተደብድቦ ብቻ አይደለም የሚሞተው፤ ከጉድጓዱ መውጣት ከፈራ ረሃብ ይጨርሰዋል።

ሳጥን ግዙ ከማለቴ በፊት ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። የተደበቀ ዓሣ ሁሉ ጉልበተኛ የገጠመው አይደለም። መጀመሪያ የውሃውን አሞኒያ ለኩ፤ ዜሮ መሆን አለበት። ዓሣው ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ከሆነ፣ ገላው ላይ ጨው የተበተነበት የሚመስል ነጭ ነጥብ ካለ፣ ምግብ አፍንጫው ሥር ወድቆለት ካልነካ፣ ነገሩ በሽታ ሊሆን ይችላል። ነጩን ነጥብ የሚያመጣ ጥገኛ ተውሳክ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ከአዲስ ዓሣ ጋር ነው። የታመመ ዓሣ ሳጥኗ ውስጥ ብታስገቡት የሚዋኝበት ውሃ ያው የሁሉም ውሃ ነው። እሱ የሚፈልገው ለብቻው ሌላ ገንዳ ነው። የኔው ትንፋሹ ደህና ነበር። በስሪንጅ ጉድጓዱ አፍ ላይ ምግብ ስለቅለት ቀልጠፍ ብሎ በላ። ስለዚህ ፍርሃት ነው አልኩ።

ሳጥኗ ስትመጣ የወረቀቷን ምክር ተውኩት። አንዳንዱ ሰው የተደበቀውን ምስኪን አውጥቶ "ይረፍ" ብሎ ሳጥን ውስጥ ያስገባዋል። ይኼ ለኔ ተበዳይን ማሰር ነው። ደግሞም እሱ ሳጥን ውስጥ ሲቆይ ጉልበተኛው ቀሪውን ቤት ይወርሳል። እኔ ያሰርኩት ዶቲባኩን ነው። በመረብ መያዝ አይሞከርም፤ ድንጋዩን ሁሉ ያስፈርሳችኋል። የሃይላንድ ጠርሙስ አንገቱን ቆርጬ፣ ገልብጬ መልሼ ሰካሁበትና ውስጡ ምግብ አኖርኩ። ሆዳም ስለሆነ ራሱ ገባ። ሳጥኗ ውስጥ የሚጠለልበት አጭር የቧንቧ ቁራጭ አስቀምጬለታለሁ። ባዶ ሳጥን ውስጥ የተጋለጠ ዓሣ በጭንቀት ያልቃል፤ ጉልበተኛም ቢሆን።

በማግስቱ ፋየርፊሹ ግማሽ አካሉ ወጣ። ቀጥሎ ሙሉ አካሉ። በኋላ ሳጥኗ አጠገብ ድረስ መጥቶ ክንፉን ያወዛውዝ ጀመር። ዶቲባኩ መጀመሪያ አክሪሊኩን በአፉ ሲገጨው ነበር፣ ኋላ ተወው። ከሳምንት በላይ አቆየሁትና መብራቱን አጥፍቼ ማታ ለቀቅሁት። ከመልቀቄ በፊት እሱ የያዘውን ማዕዘን ድንጋዮች አቀያየርኩ፤ ተመልሶ ሲመጣ "የኔ" የሚለው ቦታ እንዳያገኝ። አሁን ፍቅር በፍቅር ሆነዋል አልላችሁም። አልፎ አልፎ ያባርረዋል። ግን ፋየርፊሹ ምግብ ሲመጣ ወጥቶ ይበላል፣ ቀለሙም ተመልሷል።

ሳጥኗ ከመምጣቷ በፊት ደንበኛ ፀጉሩን የሚያበጥርበትን መስታወት አኳሪየሙ ጎን አስደግፌም ሞክሬ ነበር። ዶቲባኩ ከራሱ ምስል ጋር ሲጣላ ይውላል፣ ያኛው ትንሽ ይተነፍሳል። ወጪ የለውም፣ ይሠራል። መስታወቱ ሲነሳ ግን ጠቡ እንደገና ይጀምራል። ደንበኛም መስታወቱን ይፈልገዋል።

አሁን ወደ ጉድለቶቿ። ክዳኗ ማቆለፊያ የለውም፤ እንዲሁ ላይዋ ላይ የተጣለ ነገር ነው። ዶቲባክም ፋየርፊሽም ዘላይ ናቸው፤ አንድ ጥሩ ዝላይ ካገኙ ወለሉ ላይ ነው የምታገኟቸው። እኔ በላስቲክ አስሬዋለሁ። የምትጣበቅበት ጎማ መስታወቱ ላይ አልጌ ካለ ይለቃል፤ ከመለጠፋችሁ በፊት በደንብ ፈትጉት። ታችኛው ወለሏ ላይ ክፍተት ስለሌለ የተረፈ ምግብ እዚያው ይበሰብሳል። በስሪንጅ መምጠጥ የየዕለት ሥራ ነው።

ዋናው ጉድለቷ ግን እዚህ እኛ ከተማ የሚብስ ነው። ጅማ ከባህር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ነው ያለችው። አየሩ ሳሳ ሲል ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም ይቀንሳል። የጨው ውሃ ደግሞ በተፈጥሮው ከጨው አልባው ያነሰ ነው የሚይዘው። መብራት ሄዶ ፓምፑ ሲቆም መጀመሪያ የሚታፈነው ሳጥኗ ውስጥ ያለው ነው፤ በእነዚያ ቀጫጭን ክፍተቶች ውሃው በራሱ አይንቀሳቀስም። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ከሌላችሁ ሳጥኗን አትግዙ። ካላችሁ የፓምፑ ቱቦ ጫፍ ላይ ያለችውን፣ አረፋ የምታወጣውን ድንጋይ በቀጥታ ሳጥኗ ሥር አድርጓት፤ አረፋው ሲወጣ ውሃውን እየገፋ ያሳልፍላችኋል።

ከውጭ የሚያመጣላችሁ ዘመድ ከሌለ ደግሞ የማስታወቂያ ፊደል የሚቆርጥ ማንኛውም አክሪሊክ ሠሪ ይሠራላችኋል። ለሁለተኛ ገንዳዬ አንዷን እዚሁ አሠርቻለሁ፤ ከዱባይዋ ግማሽ ዋጋ በታች ነው የወጣብኝ፣ ወለሏም ክፍተት አለው። ጠርዟን በብርጭቆ ወረቀት አስለስሉት፣ ዓሣ ይቆርጣል። ማጣበቂያው የአክሪሊክ ይሁን፤ ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠውን ፀረ ሻጋታ ሲሊኮን እንዳይነካባት፣ እሱ ዓሣ ይገድላል። ሲጨርስላችሁ ጥቂት ቀን አየር ላይ አቆይታችሁ፣ በውሃ ደጋግማችሁ አጥባችሁ አስገቧት። ከማዘዛችሁ በፊት ደግሞ የአኳሪየማችሁን መስታወት ውፍረት ለኩ፤ ማንጠልጠያዋ በዚያው ልክ ካልታጠፈ አትገባም።