ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ጀርባ ያለው የተልባ ቤት

ምራቅ የነጠፈበት ሰው ስለ ምግብ ቤት ምን ያውቃል ትሉኝ ይሆናል። ተልባን ግን የሚያውቀው እንደኔ ያለው ነው።

የታይሮይድ ዕጢዬ በካንሰር ምክንያት በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ፣ የቀረውን ሴል እንዲያጠፋ ራዲዮአክቲቭ (ጨረር የሚያወጣ) አዮዲን ዋጥኩ። የምራቅ ዕጢዎችም እንደ ታይሮይድ አዮዲን ስለሚስቡ ጨረሩ አይምራቸውም። የኔን የጎዳው ከጆሮ ሥር ያሉትን ነው። ገና አንድ ጉርሻ ስቀምስ ጉንጬ ያብጣል፤ በጣቴ ከጆሮዬ ወደ አፌ ቀስ እያደረግሁ ስጫነው ጨው ጨው የሚል ፈሳሽ ድንገት ይፈስና እብጠቱ ይሟሽሻል። የደብረ ሲናን ቆሎ ድሮ ጣርማ በር ሳልደርስ እጨርሰው ነበር፤ ዛሬ አሸዋ የቃምኩ ያህል ነው።

ቤቱ ጠባብ ነው፤ በሩ አይገጥምም፤ የደብረ ብርሃን ብርድ እንደ ደንበኛ ገብቶ ይቀመጣል። ተልባ ፍትፍቱ ግን ሌላ ነው። ባለቤቷ ተልባውን ራሷ ቆልታ ትወቅጠዋለች፤ በውሃ ስትበጠብጠው ይወፍርና ያሙለጨልጫል። እንጀራው በዚያ ርሶ፣ ሳይታኘክ ማለት ይቻላል፣ ይወርድልኛል። ከተልባ የሚሠራ ሰው ሠራሽ ምራቅ እንዳለ ሐኪሜ ሲነግረኝ ሳቄ መጣ፤ እናቴ በጾም ስታበላን የኖረችው ነዋ!

መጀመሪያ ቀን የሚጠጣውን ተልባ በማር አቀረበችልኝ። መለስኩት። ምራቅ ሲያንስ ጣፋጭ ነገር ጥርስ ላይ ተለጥፎ ይቀራል፤ እኔ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት መንጋጋ አስነቅያለሁ። «እትዬ፣ ያለ ማር ምኑ ይጠጣል?» ብላ ተቀየመች። አሁን ከበሩ ላይ ስታየኝ «ያለ ማር፣ ያለ ቃሪያ!» ብላ ወደ ጓዳ ትጮኻለች። ውሃ በትልቅ ማንቆርቆሪያ አጠገቤ ታስቀምጣለች፤ ስንት ብርጭቆ ጠጣሽ ብሎ የሚቆጥር የለም።

አንዳንድ ቀን ተልባው በደንብ አይደቅም፤ ገለባው ምላሴ ሥር ይቀራል። ይህን ነግሬያታለሁ።

ትልቁ ቅሬታዬ ሌላ ነው። ፍትፍቱ የሚሠራው በጾም ቀን ብቻ ነው። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ኀምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም ቤቱ ወደ ደረቅ ጥብስ ይዞራል። ባለፈው ዓመት ያን ጊዜ ሄጄ ጥብሱን አሽትቼ ተመለስኩ።