እግሬን በእጇ የያዘችው ሲስተር

ዘንድሮ ታኅሣሥ ጠመኔ ከእጄ አልወደቀም። ለሌላ ሰው ምንም ላይመስል ይችላል፤ ለእኔ ግን ትልቅ ነገር ነው፣ ለዚህም የማመሰግናት ሰው አለችኝ።

ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው፣ አስተማሪ ነኝ። ከተማችን ከባህር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥን ውርጭ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። የእኔ ግን ብርድ ብቻ አልነበረም። ጠዋት 2 ሰዓት ክፍል ስገባ ጣቶቼ እንደ ወረቀት ይነጣሉ። ከዚያ ይጠቁራሉ። ሙቀት ሲያገኙ ደግሞ ቀልተው በመርፌ የሚወጋኝ ያህል ያሰቃዩኛል። ጠመኔውን የያዝኩ ይመስለኛል፣ መሬት ወድቆ ሲሰበር ነው የማውቀው። አንዷ ተማሪዬ ሳልነግራት ሁልጊዜ ትርፍ ጠመኔ ይዛ ፊት ወንበር ላይ መቀመጥ ጀምራ ነበር። እሷንም እግዜር ይባርክልኝ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ተንከራተትኩ። የት የት እንደሆነ አልጽፍም፣ ማንንም ማስቀየም አልፈልግም፣ ግን ያሳዘነኝን ሳልናገር ማለፍ አልቻልኩም። አንዱ ጋ ገና ወንበር ላይ ሳልቀመጥ «ደብረ ብርሃን የማይበርደው ማን አለ?» ተባልኩ፣ ተስቆብኝ ወጣሁ። ሌላው ጋ ቫይታሚን ሦስት ጊዜ ተጻፈልኝ፣ ገንዘቤ አለቀ፣ እጄ እንደነበረው ነው። ሌላው ጋ ደም ቀድተው ቀድተው «ምንም የለብሽም» አሉኝ። ምንም የለብሽም! ጣቴን እያዩት! ይቅርታ አድርጉልኝና አንዳቸውም እጄን አልነኩትም። ከጠረጴዛው ማዶ ሆነው ነው የጻፉት።

ከዚያ ባለፈው ዓመት ማታ ማታ እግሬን ከከሰሉ ምድጃ ጠጋ አድርጌ እቀመጥ ነበር። ደንዝዞ ስለነበር መቃጠሉን አልሰማሁም። ሽታው ነው የነገረኝ። አውራ ጣቴ ላይ ቁስሉ ወር ከምናምን ቆየ።

ለቁስሉ ስል ነው ከከተማችን ጤና ጣቢያዎች ወደ አንዱ የሄድኩት። ፋሻ የምትቀይርልኝ ሲስተር ጠና ያሉ ሴት ናት። ካልሲዬን ራሷ አወለቀችልኝ። ከዚያ ቁስሉን ትታ ሁለቱንም እግሮቼን በመዳፎቿ ይዛ ዝም አለች። የእግሬን ጀርባ በጣቷ ዳሰሰች፣ አንዱን ከዚያ ሌላውን። የደም ትርታውን እየፈለገች ኖሯል። «ትርታው አለ፣ ሁለቱም ጋ አለ፣ አይዞሽ የኔ እናት» አለችኝ። አለቀስኩ። እናቴ መንዝ ነው የተወለደችው፤ ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ስመለስ እግሬን ባናዋ ውስጥ አስገብታ እንዲሁ በእጇ ትይዘው ነበር። ካረፈች አምስት ዓመቷ ነው። ከእሷ በኋላ እግሬን የያዘልኝ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ሲስተር ጠየቀችኝ። ሁለቱም እጅ ነው ወይስ አንዱ? ቆላ ስትወርጂስ? አዎ፣ ሸዋሮቢት እህቴ ጋ ስሄድ ጣርማ በርን አልፈን ደብረ ሲና ስንደርስ ጣቶቼ ይመለሳሉ። ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ቀጥላ «የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» አለች። ለራስ ምታቴ የታዘዘልኝን ኪኒን ከቦርሳዬ አወጣሁ፣ ፕሮፕራኖሎል ይላል። አየችውና «ይሄ መንጣት የጀመረሽ ከዚህ በፊት ነው በኋላ?» አለችኝ። ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። በኋላ ነው! ብርዱ ከልጅነቴም ነበር፣ መንጣቱ ግን በኋላ ነው።

«በራስሽ እንዳታቆሚው፣ ድንገት መተው ሌላ ጣጣ አለው» ብላ ሪፈር ጻፈችልኝና ሆስፒታል ላከችኝ። እዚያ ያየኝ ዶክተር ሬይኖ ይባላል አለኝ፣ በአንድ ፈረንሳዊ ሐኪም ስም የተጠራ ነው። ብርድ ሲነካቸው የጣት ደም ስሮች ከልክ በላይ ይጠባሉ፣ ኪኒኑ ደግሞ አብሶታል። ከዚያ ያለውን ማብራሪያ አልተከታተልኩትም። ኪኒኑን ቀስ እያለ ቀንሶ በሌላ ቀየረልኝ።

የቀረውን ያስተማረችኝ ሲስተር ናት። ጓንት ብቻውን አይበቃም፣ ደረትሽና ሆድሽ ካልሞቀ ደሙ ወደ ጣት አይሄድም አለችኝ። ከቤት ሳልወጣ ነው የምለብሰው፣ ከበረደኝ በኋላ አይደለም። ጠባብ ካልሲና ጠባብ ጫማ ተውኩ። ከሰልና የፈላ ውኃ ፈጽሞ፤ ለብ ያለ ውኃ ወይ ብብት ይበቃል። ቡና ከአቦል በኋላ አቁሚ አለችኝ፣ ይሄ ከባዱ ነው፣ ግን እየሞከርኩ ነው። ሲጋራ የሚያጨስ ቤተሰብ ያላችሁ ደግሞ ንገሩልኝ፣ ደም ስር ያጠባል።

አሁንም ይበርደኛል፣ አልዋሽም። ግን መንጣቱ አልፎ አልፎ ሆኗል፣ ቁስሌም ድኗል።

ስሟን አትጻፊ ብላ ለምናኛለች፤ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ የትኛው ጤና ጣቢያ እንደሆነ እነግራችኋለሁ። እባካችሁ ሂዱ። እናቶቻችሁን ውሰዱ፣ «ብርድ ነው» ብለው ዝም ያሉ እናቶች ብዙ ናቸው። አንድ እጅ ወይም አንድ እግር ብቻ የሚቀዘቅዛችሁ፣ ስትራመዱ ባታችሁን የሚይዛችሁ፣ የማይድን ቁስል ያለባችሁ ደግሞ ነገ ዛሬ አትበሉ፣ ይህን እሷ ራሷ ናት ንገሪያቸው ያለችኝ። ጠዋት በጊዜ ሂዱ፣ ወረፋ አለ። የምትወስዱትንም መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው ይዛችሁ ሂዱ፣ መጠየቋ አይቀርም።

ሲስተርዬ፣ ካነበብሽው፣ እጅሽ አይጉደልብን።